ጓሮና ጎረቤቶቹ

ጓሮ ከመኖሪያ ቤት በስተጀርባ ወይም በስተጎን የምትገኝ፣ በአጥር የተከለለች ቁራጭ መሬት ናት። አንዱ ቤተሰብ ጎመንና ድንች ይተክልባታል፤ ሌላው ጌሾ፣ ጤና አዳምና በሶብላ ያበቅልባታል፤ ቦታ የተረፈውም አንድ ሁለት የኮክ ዛፍ ያቆምባታል። ስፋቷ ብዙውን ጊዜ ከአንድ የመማሪያ ክፍል አይበልጥም። የቦታው ባለቤት ስለ እርሷ ሲናገር “ጓሮዬ” ይላል። ከሰዋስው አንጻር ሲታይ በዚህ ቃል ላይ ስሕተት የለም፤ አገናዛቢው ቅጥያ በትክክለኛ ቦታው ገብቷል። ነገሩን ከጓሮዋ አንጻር ስናየው ግን አባባሉ የሚያከራክር ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱም በዚያች ቁራጭ መሬት ላይ የሚበላው፣ የሚወልደውና የሚሞተው ፍጡር ብዛቱ ከቤቱ አባላት በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። አብዛኛውም ወገን በቦታው ላይ የኖረው ቤቱ ከመሠራቱ፣ አጥሩም ከመታጠሩ በፊት ጀምሮ ነው።

በዚህ ምንባብ ጓሮን ከአእዋፍ፣ ከነፍሳትና ከሌሎች እንስሳት ጋር ተጋርቶ መያዝ ምን ዐይነት ደስታ እንደሚያስገኝና ምን እንደሚያስከፍል እንመለከታለን። ምሳሌዎቹን የምወስደው በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ካለው ከራሴ ጓሮ ነው። ቦታው ደጋ ስለሆነ፣ በወይና ደጋና በቆላ የምትኖሩ አንባቢዎች የወፎቹንና የእጽዋቱን ስም በየአካባቢያችሁ በምታውቁት እየተካችሁ አንብቡ።

ጓሮን ለማወቅ የሚሻ ሰው ማለዳ መነሣት አለበት። ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ገና ከየረር ተራራ ወዲያ ሳለች፣ ጤዛውም ሳይረግፍ፣ አንድ በርጩማ ይዛችሁ ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ ተቀመጡ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ምንም ነገር አይታያችሁም፤ በሩ ሲንቋቋ የሸሸው ሁሉ ተደብቆ እናንተን ይመለከታል። ሳትንቀሳቀሱ ከቆያችሁ ግን በቅድሚያ ድምፅ ይመጣል። ከጌሾው ሥር፣ ከጥላው ውስጥ፣ ደረቷ ብርቱካንማ የሆነ፣ ከዐይኗም በላይ ነጭ መስመር ያላት አንዲት ወፍ ማፏጨት ትጀምራለች። ይህች ወፍ የሌሎችን ወፎች ዜማ አስመስላ ማዜም ስለምትችል፣ በአጥሩ ላይ አራት ዐይነት ወፎች ያሉ መስሏችሁ ስትፈልጉ የምታገኙት እርሷን ብቻ ሊሆን ይችላል። ቀጥለው ድንቢጦች ከጣሪያው ክፈፍ ወርደው ከእህል ማበጠሪያው ቦታ የወደቀውን ፍሬ ይለቅማሉ። ዋኖሶች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይመጣሉ።

ከዚያም በኋላ ታላቁ ጩኸት ይሰማል። ከተራራው ወገን አምስት ስድስት ሆነው የሚበሩ፣ ረዥም ወደ ታች የተቆለመመ ምንቃር ያላቸውና ከጉሮሯቸው ሥር ቀጭን ቆዳ የተንጠለጠለባቸው ጠቋቁር ወፎች፣ እንደሚንካካ ሰው እየጮኹ ከሣሩ ላይ ያርፋሉ። ብዙ የከተማ ሰው ጩኸታቸውን ከመልመዱ የተነሣ ቀና ብሎ አያያቸውም። ነገር ግን እነዚህ ወፎች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋማ ቦታዎች በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይኖሩም። እነርሱን ለማየት ሰዎች ከሩቅ አገር ገንዘብ ከፍለው ይመጣሉ። እኛ ግን ቁርሳችንን እየበላን በመስኮት እናያቸዋለን። ምንቃራቸውን እንደ መርፌ በሣሩ ውስጥ እየሰኩ ከአፈር ውስጥ የሚያወጡት የጥንዚዛ ዕጭና ትል ነው። ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ሣሩ በትንንሽ ቀዳዳዎች የተወጋ ሆኖ ይታያል፤ አፈሩም ይናፈሳል።

ስለ አንዲት ወፍ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ድርሰት አጻጻፍን ሳስተምር ብዙ ረድታኛለችና። በአጥሬ ጥግ እሬትና ራስ ክምር ተክያለሁ። አበባቸው እንደ ቱቦ ረዥም ስለሆነ ንብ ከሥሩ ለመድረስ ትቸገራለች። ቀጭንና ጎበጥ ያለ ምንቃር ያላት፣ አበባ ቀሳሚ የሆነች አንዲት ትንሽ ወፍ ግን ያለ ችግር ትደርስበታለች። ማሩን ስትመጥም ግንባሯ በአበባው ብናኝ ይሸፈናል፤ ብናኙንም ወደሚቀጥለው አበባ ታደርሳለች። ሳይንሳዊ ስሟ ከተከዜ ወንዝ የተወሰደ ነው። አንድ ጊዜ ለተማሪዎቼ በየቤታቸው ያዩትን ወፍ ገልጸው እንዲጽፉ አዘዝሁ። በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ሁለት ልጆች ስለዚሁ ስለ ወንዱ ወፍ ጽፈው መጡ። አንደኛው “ጥቁር ነው” አለ፤ ሁለተኛዋ “የሚያብረቀርቅ ሐምራዊ ነው” አለች። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። ሁለቱም እውነት ጽፈዋል። የዚህ ወፍ ላባ ሐምራዊ የሚመስለው በቀለም ስለተነከረ አይደለም፤ የላባው ጥቃቅን አሠራር ብርሃንን በተወሰነ አቅጣጫ ስለሚያንጸባርቅ ነው። ፀሐይ ከተመልካቹ ጀርባ ስትሆን ሐምራዊ፣ ከወፉ ጀርባ ስትሆን ጥቁር ሆኖ ይታያል። ከሁለቱም ድርሰት የጎደለው ጸሐፊው የት ቆሞ እንደተመለከተ የሚገልጽ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር።

እስካሁን የተናገርሁት ስለሚወደዱት ነው። ጓሮ ግን የሚወደዱትን ብቻ መርጦ አያስገባም። በዚህ ጊዜ “ተባይ” የሚለው ቃል ይመጣል። ቃሉን ልብ ብላችሁ መርምሩት። “ወፍ”፣ “ትል”፣ “ዝንብ” የሚሉት ስሞች ፍጡሩ ምን እንደሆነ ይነግሩናል። “ተባይ” ግን ስለ ፍጡሩ ምንም አይነግረንም፤ የሚነግረን እኛ ከእርሱ ጋር ያለንን ጠብ ነው። “አረም” የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። መጭ በጤፍ ማሳ ውስጥ አረም ይባላል፤ ንብ የሚያረባ ሰው ግን በመስከረምና በጥቅምት የመጭን ቢጫ አበባ እንደ ሀብት ይቆጥረዋል። እንዲህ ያሉት ቃላት ጠቃሚ ናቸው፤ ገበሬ ያለ እነርሱ ሥራውን ሊሠራ አይችልም። አደጋው የሚመጣው ቃሉ ከዐይን ሲቀድም ነው። ይህን ያወቅሁት በሰው ላይ ጉዳት ካደረስሁ በኋላ ስለሆነ ታሪኩን ሳልሸፋፍን እነግራችኋለሁ።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በአንድ ጥቅምት ወር፣ የጓሮዬን ጎመን ክሽክሽ ወረሰው። ክሽክሽ ከጎመን ቅጠል ጀርባ ተጣብቃ ጭማቂውን የምትመጥ፣ ዐመድ የተነሰነሰባት የምትመስል በጣም ትንሽ ነፍሳት ናት። ሙቀትና ምግብ ካገኘች ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ የተወለደችውም በአንድ ሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ውስጥ ራሷ ወላጅ ትሆናለች። ስለዚህ ሰኞ ዕለት አንድ ቅጠል ላይ የታየች ክሽክሽ በወሩ መጨረሻ መደቡን ሁሉ ልትሸፍነው ትችላለች። እኔም ተናደድሁ። ከአንድ ሱቅ በጠርሙስ የተቀዳ ማላታይን ገዛሁ። በጠርሙሱ ላይ ጽሑፍ አልነበረም፤ እኔም ስለ አጠቃቀሙ አልጠየቅሁም። በማግሥቱ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ደምቃ ሳለች፣ መደቡን ሁሉ ረጨሁት።

በዚያን ጊዜ የጎመኑ እኩሌታ አናቱን አውጥቶ በቢጫ አበባ ተሸፍኖ ነበር። በአበባው ላይ ንቦች ነበሩ። አየኋቸው፤ ነገር ግን በሐሳቤ ውስጥ የነበረው “ተባይ” የሚለው ቃል ብቻ ስለነበር፣ ማየቴ ምንም አልጠቀመኝም። ማላታይን የነፍሳትን ነርቭ የሚያውክ መድኃኒት ነው፤ ክሽክሽን ከንብ ለይቶ አያውቅም።

በአጥሬ ማዶ ሚስታቸው የሞቱባቸው አንድ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ከሸንበቆ ተሠርተው በእበትና በጭቃ የተመረጉ ሦስት ቀፎዎች በጣሪያቸው ክፈፍ ሥር አንጠልጥለዋል። በማግሥቱ ማለዳ በሬን አንኳኩ። “አባባ ይግቡ” አልኋቸው፤ አልገቡም። የጋቢያቸውን ጫፍ ሰብስበው ይዘውታል። ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። አንድ እፍኝ የሚሆኑ የሞቱ ንቦች ነበሩ፤ ጥቂቶቹ ገና እግራቸውን ያንቀጠቅጡ ነበር።

“መምህር፣ እነዚህን ያውቋቸዋል?” አሉኝ።

እርሳቸው በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ሳሉ እኔን በአክብሮት አንቱ ማለታቸው ከስድብ ይልቅ ከበደኝ። ያደረግሁትን ነገርኋቸው። ከሦስቱ ቀፎዎች ሁለቱ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ባዶ ሆኑ። የማሩን ግምት ልከፍላቸው ብጠይቅ እንቢ አሉ። በመጨረሻ፣ ከብዙ ውትወታ በኋላ፣ ወደ ጓሮዬ ገብተው ዙሪያውን ተመለከቱና በምሥራቁ የአጥር ጥግ የበቀለውን መጭና አደይ አበባ በከዘራቸው አመለከቱኝ። ለዕለተ እሑድ ላጭደው አስቤ የነበረው እርሱን ነበር። “ገንዘቡ ይቅር። ይህችን ጥግ ብቻ አይረሙብኝ” አሉ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ከረጨሁ በኋላ ጎመኑ ለሁለት ሳምንት ያህል ንጹሕ ሆኖ ቆየ። በሦስተኛው ሳምንት ክሽክሹ ተመለሰ፤ ከቀድሞውም ባሰ። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አልነበረም። በጎመኑ ላይ ክሽክሽን የሚበሉ ሌሎች ነፍሳት ነበሩ። ከእነርሱ አንዷ በቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ክብ ጥንዚዛ ናት። እርሷም ሆነች እሾሃም ትል የሚመስለው ዕጯ በአንድ ቀን በዐሥር የሚቆጠሩ ክሽክሾችን ይበላሉ። ንብ የምትመስል ነገር ግን የማትናደፍ አንዲት ዝንብም አለች፤ የእርሷም ትል ክሽክሽን እየመጠጠ ያድጋል። ከሁሉ የምትደንቀው ግን ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ተርብ ናት። ዕንቁላሏን በሕያው ክሽክሽ ሆድ ውስጥ ትጥላለች፤ የተፈለፈለው ትል ክሽክሿን ከውስጥ በልቶ ይጨርሳትና ባዶ ቆዳዋ ተነፍቶ ቡናማ ይሆናል። በጎመን ቅጠል ጀርባ ላይ እንዲህ ያሉ ቡናማ እንክብሎችን ካያችሁ እርዳታ መድረሱን ዕወቁ። እኔ የረጨሁት መድኃኒት እነዚህን ሁሉ ገደለ። ክሽክሽ ፈጥና ስለምትራባ ከጥቂት ቅሪት ተነሥታ መደቡን መልሳ ያዘች። አዳኞቿ ግን ቀስ ብለው የሚራቡ ስለሆኑ ለመመለስ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። በዚያ ዓመት ጎመን ከገበያ ገዝተን በላን።

እኔ በአንድ መደብ ላይ የፈጸምሁትን ስሕተት ዓለም በሰፊው ፈጽሞታል። ዲዲቲ ነፍሳትን የመግደል ኀይል እንዳለው እ.ኤ.አ. በ1939 በታወቀ ጊዜ ብዙዎች ተደሰቱ፤ ይህን የደረሰበት የስዊዘርላንድ ተወላጅ ፓውል ሙለርም በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ዲዲቲ በወባና በታይፈስ ላይ ብዙ ሕይወት ማዳኑ እውነት ነው። በእርሻ ላይ ያለ ገደብ መረጨቱ ግን በአፈርና በውሃ ውስጥ ሳይበሰብስ እየተከማቸ ወፎችን ጎዳ። አሜሪካዊቷ ሬቸል ካርሰን ስለዚህ ጉዳይ በ1962 መጽሐፍ ጻፈች፤ አገሯም በ1972 ዲዲቲን ከእርሻ አገደችው። በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ደግሞ አጠቃቀሙን በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ ወሰነው። ከዚህ ሁሉ በአንድ ጓሮ ውስጥ ላለ ሰው የሚሆነው ነገር አጭር ነው፦ አበባ ባለበትና ንብ በምትወጣበት ሰዓት መርዝ አይረጭም፤ ምልክት ከሌለው ጠርሙስ ምንም ነገር አይገዛም።

ታዲያ ክሽክሹን እንዴት ታደርጋላችሁ? እኔ አሁን የማደርገው ይህን ነው። በየማለዳው ቅጠሎቹን እገለብጣለሁ። በአንድ ቅጠል ላይ የተከማቸውን ቅጠሉን ቀንጥሼ አስወግደዋለሁ፤ በዝቶ ሲገኝም ቀጠን ባለ የሳሙና ውሃ አጥበዋለሁ። በመደቡ ዳር ድንብላልና እንስላል እዘራለሁ፤ ጥቃቅን አበቦቻቸው ከላይ የተናገርኋትን ተርብና ዝንቧን ይመግባሉና። ጎመኔ ፍጹም ንጹሕ ሆኖ አያውቅም። ከዐሥር ቅጠል ሁለቱ የተበሳሱ ናቸው። ባለቤቴ ለእንግዳ የሚሠራውን ከስምንቱ መርጣ ትወስዳለች።

ከጓሮ ነዋሪዎች መካከል ስማቸው ከሥራቸው ይልቅ የጠፋባቸው አሉ። እስስትን ውሰዱ። ቋንቋችን አቋም የሌለውን ሰው በእስስት ይመስለዋል፤ ልጆችም ባዩዋት ጊዜ በድንጋይ ያሳድዷታል። እስስት መርዝ የላትም። ሁለት ዐይኖቿን በተለያየ አቅጣጫ እያዞረች በዝግታ ትራመዳለች፤ ከአካሏ የሚረዝም ምላሷን ወርውራም ዝንብና ፌንጣ ትይዛለች። መልኳ የሚለዋወጠው በሙቀቱ፣ በብርሃኑና በራሷ ስሜት ምክንያት ነው። ለተንኮል አይደለም። በኮክ ዛፌ ላይ አንዲት ነበረች፤ ማለዳ በብርድ ጠቁራ፣ ቀትር ላይ ገርጥታ አገኛት ነበር። ጉጉትም መጥፎ ዕድል ታመጣለች ተብላ ትጠላለች፤ የምታመጣው ነገር ቢኖር የአይጥ መቀነስ ነው። ጉርጥ መልኳ አያምርም፤ ሆኖም ሌሊቱን ሙሉ ትሎችንና ቀንድ አውጣዎችን ስትለቅም ታድራለች፤ በተገለበጠ የተሰነጠቀ ገንቦ ሥር ማደሪያ ብታዘጋጁላት ዓመት ከዓመት አትለያችሁም። ስለ እባብ የምለው ሌላ ነው። ሁሉም መርዛም ባይሆንም ለይታችሁ ስለማታውቁ አትቅረቡት፤ በበርና በመተላለፊያ አካባቢ ያለውን ሣርም አሳጥራችሁ ያዙ።

ማካፈል ሁልጊዜ ያስደስታል ብዬ እንዳላሳስታችሁ። ኮክ በሚበስልበት ወራት ረዥም ጭራና ጉትዬ ያላቸው ቡናማ ወፎች በመንጋ ይመጣሉ። ቅርንጫፉ ላይ ቁመታቸውን ሙሉ ተንጠልጥለው ፍሬውን፣ እንቡጡን፣ ቅጠሉን ሳይቀር ይበላሉ። አንድ ፍሬ በልተው ቢጨርሱ ግድ አልነበረኝም፤ እነርሱ ግን ዐሥሩን ጀምረው ይተዉታል። ጣሳ አንጠለጠልሁ፤ ለሁለት ቀን ፈሩ። አሮጌ ኮት ያለበስሁት እንጨት አቆምሁ፤ በሦስተኛው ቀን በትከሻው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በመጨረሻ ከእነርሱ ጋር ስምምነት አደረግሁ። እጄ የሚደርስበትን የታችኛውን ቅርንጫፍ ፍሬ በቁራጭ ጨርቅ ከረጢት እሸፍነዋለሁ፤ መሰላል የሚጠይቀውን የላይኛውን እተውላቸዋለሁ። ዕድሜዬ እየገፋ ሲሄድ የእነርሱ ድርሻ ከፍ እያለ መጥቷል።

እንዲህ ያለው ድርሻ መካፈል በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በጌዴኦ ታላላቅ የአገር ዛፎች ከላይ ቆመው፣ እንሰት ከመካከል፣ ቡና ከሥር እየሆኑ በአንድ ይዞታ ላይ ይበቅላሉ። ከሩቅ የሚያይ ሰው ጫካ ይመስለዋል፤ ቀርቦ ሲያይ የሰው ጓሮ ሆኖ ያገኘዋል። ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የሐረር ጀጎል ግንብም ጅቦች በሌሊት የሚገቡባቸውና የሚወጡባቸው ቀዳዳዎች አሉት። ከእኔ ሰፈር በላይ ያለው የእንጦጦ ዳገት ግን ለረዥም ጊዜ ከአንድ ዛፍ በቀር ሌላ ብዙም አልነበረበትም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከማገዶ እጦት ታድጓታል፤ ሆኖም ከሥሩ ብዙ ቁጥቋጦ አይበቅልም። ከዚህ የተነሣ ቁጥቋጦ የሚወዱ ወፎችና እንስሳት ወደየሰዉ ጓሮ ይወርዳሉ። ምናልባት ጃርቱም የመጣብኝ ስለዚህ ይሆናል።

ወደ ጃርቱ ከመድረሴ በፊት ግን የአዛውንቱን ነገር ልጨርስ። ያንን የምሥራቅ ጥግ ከዚያ ወዲህ አልረምሁትም። ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ ጥቅምት ከባዶዎቹ ቀፎዎች አንዱን በወይራ አጥነው ከአጥራችን ዛፍ ላይ ሰቀሉት። አንድ መንጋ ገባበት። በዚያን ዕለት “ልጄ፣ መጡልህ” ብለው በአጥሩ ላይ ጠሩኝ፤ አንቱታው የቀረው ያን ጊዜ ነው። ዛሬ በሕይወት የሉም። ቀፎዎቹን ልጃቸው ትይዛቸዋለች፤ የኮኬም አበባ በየዓመቱ በንቦቿ ሲንጫጫ ይውላል።

ጃርቱን በሚመለከት ይህን ያህል መልካም ዜና የለኝም። ጃርት ሌሊት የሚወጣ፣ በአፍሪካ ካሉት ዘራይጥ ሁሉ በግዝፈቱ የሚበልጥ እንስሳ ነው። እሾሁን እንደ ጦር ይወረውራል የሚባለው እውነት አይደለም፤ እሾሁ ከቆዳው በቀላሉ ስለሚነቀል በነካው ነገር ላይ ተሰክቶ ይቀራል። የሚወደው ድንች ነው። አጥሩን በድንጋይ ደፈንሁ፤ በሥሩ ቆፍሮ ገባ። እሾህ ከመርሁበት፤ እሾህ ለጃርት ምን ይሆነዋል? አንድ ወዳጄ ወጥመድ ሊሰጠኝ ፈቀደ። አንድ ሌሊት በመስኮት ቆሜ በጨረቃ ብርሃን አየሁት፤ ከኋላው ሁለት ትንንሽ ግልገሎች ተከትለውት ነበር፤ እንግዲህ እርሱ ሳይሆን እርሷ ልትሆን ትችላለች። ወጥመዱን ሳልቀበል ቀረሁ። ከስድስት መደብ ድንች በየዓመቱ አንዱን፣ አንዳንዴም አንድ ተኩል መደብ ትወስድብኛለች። በማለዳ ስወጣ የተገለበጠ አፈር፣ ግማሹ የተበላ ድንችና አልፎ አልፎ ጥቁርና ነጭ ሆኖ የተሸነተረ እሾህ አገኛለሁ፤ እሾሁን የልጅ ልጆቼ ይሽቀዳደሙበታል።

ዘንድሮ ሰባት መደብ ተከልሁ። ሰባተኛው ለምን እንደሆነ ባለቤቴ እስካሁን አልጠየቀችኝም።